ጨው ከየት ይመጣላችኋል?

በ2010 ዓ.ም. ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጥቅምት ላይ ነው፣ ማሽላው እሸት ይዟል። የመጨረሻዋ ልጄ ሲሪንቃ የማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ ነው የምትሠራ። ያን ሰሞን ለስድስት ወር ትምህርት ቡርኪና ፋሶ ወደሚባል የምዕራብ አፍሪካ አገር ትሄጃለሽ ተብላ ቤቱን አመሰችው። እኔ እምቢ አልኩ። የአገሩን ስም የሰማሁት በሬዲዮ መፈንቅለ መንግሥት ሲወራ ብቻ ነው። ወደማላውቀው አገር ልጄን አልሰድም አልኩ፣ በቃ።

እሷም የኔው ልጅ ናትና አልተሟገተችኝም። ከዚያው አገር ለሥራ የመጣ አንድ የማሽላ ባለሙያ ሲሪንቃ ነበር፤ እሱን ይዛ ከመርሳ ከተማ ወጣ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች።

"አባ፣ አገሩን አላውቀውም ብለው የለ? ይኸው ባለአገሩ፤ ይጠይቁት" አለች።

ሰውየው "አሰላሙ ዓለይኩም" ብሎ ገባ። ከሰላምታው ወዲያ እኔንና እሱን የሚያገናኝ ቋንቋ የለም፤ በእንግሊዝኛ የምታስተረጉም ልጄ ናት። ያላማረኝ ይኼ ነው። ሙግቱ የሷ፣ አስተርጓሚዋም እሷ!

"እንዳለው ንገሪኝ፤ ማር እንዳትቀቢው" አልኳት።

ከቤቴ ደጃፍ ካለው የማሽላ ማሳዬ ዳር ተቀመጥንና ጥንቅሽ ቆርጬ ሰጠሁት። ጥንቅሽ አገዳው የሚጣፍጥ ማሽላ ነው፤ የከተማ ሰው ብትሰጠው በየት በኩል እንደሚበላ ይጠይቅሃል። ይኼ ግን ማንም ሳያሳየው በጥርሱ ልጦ ይመጠው ጀመር። ሆዴ ትንሽ ራራ፤ አላሳየሁም።

"ጨው ከየት ይመጣላችኋል?" አልኩት መጀመሪያ።

ልጄ ሳቀች። "አባ፣ ስንት የሚጠየቅ እያለ!"

"ጠይቂው ብያለሁ።"

በጉልበቴ ጊዜ የጭነት መኪና እየነዳሁ አሰብ ተመላልሻለሁ። የአገር ኑሮ የሚታወቀው ጨውና ነዳጅ በሚገባበት መንገድ ነው። ሰውየው አልሳቀም። በያዘው አገዳ መሬት ላይ አገሩን ሣለልኝ። ዙሪያውን ጎረቤት ነው፣ ባሕር የለውም። ጨውም፣ ነዳጅም፣ ሲሚንቶም ከጎረቤት ወደብ በመኪናና በባቡር ነው የሚገባላቸው፤ እስከ አቢጃን ወደብ የሚወርድ የቆየ ባቡር አላቸው። ያ መንገድ ሲታወክ ዋጋዱጉ በሚሏት ዋና ከተማቸው ዕቃ ይወደዳል።

"እኛም ያው ነን፤ የጅቡቲ መንገድ ሲዘጋ መርሳ ላይ ዘይት ይጠፋል በይው" አልኩ።

ወርቅ ያወጣሉ፣ ጥጥ ያመርታሉ፣ ከብት እየነዱ ባሕር ላላቸው አገሮች ይሸጣሉ። አብዛኛው ሰው ግን እንደኔው ሰማይ ሰማይ የሚያይ፣ የማሽላ ገንፎ በልቶ የሚያድር ገበሬ ነው። ዝናባቸውም ክረምት ላይ ነው፣ እንደኛው። ገንዘባቸው ከብዙ ጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ስለሆነ ድንበር ተሻግረው ሳይመነዝሩ ይገበያያሉ። ይኼስ ብልሃት ነው አልኩ። በከተማው ሴቶቹ ልጅ አዝለው፣ ቅርጫት ጭነው፣ ሞተር ብስክሌት ይነዳሉ ሲለኝ ግን "ውሸት!" አልኩ።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አንዲት የባለቤቴ እኩያ ሴትዮ ሻሽ ጠምጥማ፣ ከኋላዋ ጆንያ ጭና፣ በሞተር ትመጣለች። እናቱ ናት። ባለቤቴ ከቤት ወጥታ አየችና፣

"አንቱ! እኔን እስከዛሬ መርሳ ገበያ በእግሬ የሚያስኬዱኝ ለምን ኖሯል?" አለችኝ።

"መጥፎውንስ?" አልኩት እንግዳውን። "ጥሩውንማ ሁሉም ያወራል።"

አገዳውን አስቀመጠና ረዘም አድርጎ ተናገረ።

"ምን አለ?" አልኳት ልጄን።

እሱ ያስቀመጠውን አገዳ አንስታ ትልጥ ጀመር።

"ምን አለ ነው የምልሽ!"

"ሰሜኑ ሰላም የለውም አለ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መንደር ያጠቃሉ። ትምህርቱ ግን ቦቦ ዲዮላሶ ነው፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል። ወደ ሰሜን እንዳትሄጂ፣ ከመሸም መንገድ እንዳትጀምሪ አለኝ። ወባ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካልያዙ አያስገቡም። ሙቀቱም እንደ አፋር በረሃ ነው።"

ይህን ስትለኝ ድምጿ ወረደ። መንገዷን በገዛ አፏ እየዘጋች እንደሆነ አውቃለች። ማር መቀባት ብትፈልግ ይኼን ትተወው ነበር። ሰውየውንም እሷንም በልቤ አደነቅሁ። የአገሩ ስም ትርጉም የቀጥተኛ ሰዎች አገር ማለት ነው አሉኝ፤ እውነት ነው። አፌ ግን "እስቲ አስብበታለሁ" አለ። በኔ ቤት "አስብበታለሁ" እምቢ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ልጄ መሬት መሬት አየች።

እንግዳው ሊሄድ ሲነሳ እጁን ዘርግቶ በአረብኛ ዱዓ ጀመረ። በወሎ ዱዓ ሲደረግ እጅ ይዘረጋል፣ አሚን ይባላል፤ ምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም በየማረፊያው "አሚን! አሚን!" እያልኩ ተቀበልኩት። ጨርሰን ፊታችንን ስንዳብስ ልጄ ሰውየውን አንድ ነገር ጠየቀችውና ዓይኗ በራ።

"አባ፣ ዱዓው ለኔ ነው'ኮ! አላህ አገራችን በሰላም አድርሶ ለአባቷ በሰላም ይመልሳት ነው ያለው። እርስዎም አሚን ብለዋል።"

ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

"አረብኛውን መቼ ሰማሁት!" አልኩ።

"አሚንዎን ግን እኛ ሰምተናል" አለች ባለቤቴ። "ሊመልሱት ነው?"

በኛ አገር አሚን ተብሎ አይታጠፍም። በአሚን ትዳር ይጸናል፣ በአሚን ደም ይደርቃል። እኔ ተነስቼ ልሽረው?

"በይ እሺ፤ ትሄጃለሽ" አልኳት። እንግዳው ሳይተረጎምለት ገባውና ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሱብሂ እንደሰገድኩ ጋቢዬን ደርቤ መርሳ መናኸሪያ ወረድኩ፤ ያ ክትባት የት እንደሚሰጥ ወልድያ ሄደን እንድንጠይቅ፣ ሚኒባሱ ላይ ለኔና ለሷ ቦታ ያዝኩ።