የአጎቴ አሳባቂ መኪና

የአጎቴ አሮጌ ላንድክሩዘር ፍኖተ ሰላም ገበያ ከመግባቷ በፊት ድምጿ ይገባል። ያለቁት የኋላ ኩሽኔታዎቿ ስትሮጥ ያጓራሉ፤ የተቦረቦሩት የፍሬን ዲስኮቿ ደግሞ ስትቆም ያፏጫሉ። ባጃጁም የፈረስ ጋሪውም ሳያያት ዳር ይይዝላታል። አጎቴ ይህን ከክብር ይቆጥሩት ነበር።

ያ ክብር ሚስት ሊያሳጣኝ ደረሰ።

የምወዳት ልጅ እንደ እኔ መምህርት ናት። ቤተሰቦቿ ከቡሬ ወዲያ፣ ከአንድ ረጅም ቁልቁለት ሥር ያርሳሉ። አጎቴና የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁልኝ ሄዱ፤ አባቷ ግን ቤት አልተገኙም። አባወራው በሌለበት ሽማግሌ ነገሩን አይተነፍስምና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ልጅቷ ማምሻውን ደውላ እየሳቀች ምስጢሩን ነገረችኝ። በእነሱ ዘንድ በመጀመሪያው ጥየቃ እጅ የሰጠ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። ስለዚህ አባቷ መኪናዋ ገና ከቁልቁለቱ አናት ስታጓራ ዱላቸውን አንሥተው በጓሮ ወጡ። ሌላው አባት አንዴ ጠፍቶ ይበቃዋል፤ እሳቸው ግን ማምለጡ ጥሟቸው ለሁለተኛውም እየተዘጋጁ ነው። ሁዳዴ ደግሞ ሊገባ ተቃርቧል። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ አሁንም ካመለጡን የምንጋባው ከፋሲካ ወዲያ ነው።

መድኃኒቱ ግልጽ ነበር፦ መኪናዋን ዝም ማሰኘት። አጎቴ፣ ድምጿን ካጣች ማን ያውቃታል ብለው አንገራገሩ። የንስሐ አባታችን ግን ከእኔ ጎን ቆሙ። ያን ቁልቁለት ፍሬኑ እያፏጨ ሲወርዱ መቋሚያቸውን አቅፈው አጎቴን፣ "ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለሽምግልና እንጂ ለሰማዕትነት አይደለም" ብለዋቸው ነበርና።

ቅዳሜ አጎቴ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርን። አጎቴ የድሮ ሾፌር ናቸው፤ መፍታትና መግጠም ያውቃሉ። የእኔ ድርሻ ማቀበልና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማስረዳት ነው። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ሸጎጥን፣ የኋላዋን በክሪክ አነሣን፣ ጎማውን አወጣን። የፍሬኑን መያዣ ፈትተን የዘይት ቱቦው እንዳይወጠር በገመድ አንጠለጠልነው። ዲስኩ ግን በዝገት ተጣብቆ እምቢ አለ። አጎቴ ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ፣ "አማትህን መሰለ፤ ሳይለመን አይነቃነቅም" አሉ።

ኩሽኔታው ሲወጣ ማስረዳት አማረኝ። አውድማ ላይ የፈሰሰ አተር የረገጠ ሰው ለምን እንደሚንሸራተት አስታወስኳቸው። ኩሽኔታም በቀለበት ውስጥ እንደ አተር የሚንከባለሉ ብረቶች ነው፤ ግራሶው ሲደርቅ ይቦረቦራሉ፣ ተቦርቡረው ሲንከባለሉ ያጓራሉ። አጎቴ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝና፣ "በል አሁን አዲሱን አተር አቀብለኝ" አሉ።

አዲሶቹን ግራሶ አጠገብናቸው፤ ዲስኮቹንም ከሚጨብጣቸው የፍሬን ሸራ ጋር ቀየርን። ሁሉም ተገጥሞ አጎቴ ፍሬን ሲረግጡ ግን ፔዳሉ ወለል ነካ። ፊታቸው ተለዋወጠ። አዲስ ሸራ ዲስኩን እስኪይዝ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ እንደሚያስፈልግ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝና ፔዳሉ እስኪጠነክር ረገጡት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌ ጋር ስለማይሄድ እኔ ቡሬ ሻይ ቤት ቀረሁ። እስክትመለስ በልማድ ጆሮዬን አቁሜ ማጓራቷን ስጠብቅ፣ ለካ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

አጎቴ እንደነገሩኝ፣ አባቷ ደጃቸው ላይ የተበጠሰ ምራን፣ የሞፈርና የቀንበር ማሰሪያውን ጠፍር፣ እየጠገኑ ነበር። "ቤቶች" የሚል ድምፅ ሰምተው ቀና ሲሉ የንስሐ አባታችን አጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ወደ ጓሮ አዩ፣ ወደ መቋሚያው አዩ፣ ምራኑን አስቀመጡ።

"መኪናችሁን ምን ነካት?" አሉ። "ጨዋ ነበረች፤ ሳትናገር አትመጣም ነበር።"

ሽማግሌዎቹ መልስ ሳያገኙ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቷ ብዙ አንገራግረው፣ ልጃቸውን አስጠርተው ፈቃዷን ከሰሙ በኋላ እሺ አሉ። ሠርጉም ከሁዳዴ በፊት እንዲሆን ተቆረጠ። አንድ ነገር ግን አጠበቁ፦ "በሠርጉ ቀን ጮኻ ትምጣ። ልጄ እንደ ተሰረቀ ዕቃ በዝምታ ከቤቴ አትወጣም።"

ከቡሬ ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ በኩራት አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች የት እንዳደረግኳቸው ጠየቁኝ። መልሰን መግጠም እንደማንችል ከአተሩ ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። የንስሐ አባታችን ከኋላ ወንበር፣ መኪናዋ ጡሩንባ የላትም ወይ ሲሉ አጎቴ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ጡሩንባዋ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ ያን የመሰለ ድምፅ እያላት ለማን ብለው ያሠሩታል?