በልኬ የተሠራ ማድ ቤት

የሰፈሩ ሴቶች «ምነው እኔን ባደረገኝ» ይሉኛል። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዘሀራ ስኳር ልገዛ በሄድኩ ቁጥር «ባልሽ እኮ ላንቺ ሲል ነው ዓይኑን የጨረሰው፤ የኔ ባል ሚስማር እንኳ መትቶልኝ አያውቅም» ትለኛለች። እኔም «ተመስገን ነው» ብዬ ስኳሬን ይዤ እመለሳለሁ። ሌላ ምን ልበላት? እናንተ ግን ስሙኝና ፍረዱ።

ስሜ ብርቅነሽ ነው። ጉለሌ ተወልጄ፣ ጉለሌ አድጌ፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ መሸሻ ባትላሜራ ነበር፤ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ እየደበደበና እየበየደ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄንን ጠላቱም አይክደውም። ዓይኑ በብየዳ እሳት ደክሞ ጋራዡን ሲተው ግን ቤት መዋል አቃተው። ድስቴን ይከፍታል፣ ይከድናል፤ «ሽንኩርት አበዛሽ፣ እሳቱን ቀንሺ» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። ልጃችን አቢ ይሄንን አይቶ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፈተለት። ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ ቤት እየጎተቱ ሐይቅ ዳር ሲያድሩ፣ እዚያው እንቁላል ሲጠብሱ ያሳያል። መሸሻ ሲያየው ሰነበተና «ይቺንማ እኔ እሠራታለሁ» ብሎ ተነሳ። የአሮጌ ተሳቢ ሻንሲ፣ ባዶ የብረት መሠረቱን፣ ከነጎማው ፈልጎ አመጣ፤ የአቢ ፒክአፕ ትጎትተዋለች ተባለ።

«ብርቄ፣ ላንጋኖን አሳይሻለሁ» አለኝ። «አርባ ምንጭን አሳይሻለሁ። በቃ፣ አገርሽን ታያለሽ።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ፈነጠዘ። እኔ ከአዲስ አበባ የወጣሁት ለለቅሶ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ከመኪና ወርጄ አልቅሼ ሳልጨርስ «ወጥ የምታውቀዋ መጣች» ይባልና ወደ ድንኳኑ ጓሮ እወሰዳለሁ። የገዛ አክስቴ አገር ቤት ተወስዳ ስትቀበር አፈር ስትለብስ አላየሁም፤ ለቀባሪው ንፍሮ እየቀቀልኩ ነበር። ያቺ አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። ሽሮ ሜዳ የነጠላ ሱቅ ነበራት፤ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ የነጠላውን ጫፍ እቋጭ ነበር። እግሬን ዘርግቼ፣ መንገደኛውን እያየሁ፣ ካለፈ ካገደመው ጋር እየቀለድኩ። በሕይወቴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ሥራ እሱ ብቻ ነው። ካገባሁ በኋላ ቆምኩ፣ ይኸው እስካሁን እንደቆምኩ ነኝ።

ምሳዬን እንኳ የምበላው ድስቱ አጠገብ በቁሜ ነው። ሳህኔን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ እየጎረስኩ፣ ጆሮዬ ሳሎን ነው። ውሃ ይላሉ፣ ጨው ይላሉ፣ ጭማሪ ይላሉ። ማንም በክፋት አያደርገውም። ክፋት ቢሆንማ ኖሮ ተጣልቼበት፣ ሽማግሌ ጠርቼበት ይወጣልኝ ነበር።

ስለዚህ መሸሻን ገና ሻንሲውን ሲበይድ ሄጄ ነገርኩት። «ስማ፣ እኔ ላንጋኖ ድረስ ሄጄ ወጥ አልሠራም። ዳቦ በልታችሁ ትውላላችሁ። እኔ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ሐይቁን ነው የማየው።»

«ምን በወጣሽ!» አለኝ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «እንደ ንግሥት ነው የምትሆኚው።»

አመንኩት። እንዴት አላምነው? በሕይወቴ ንግሥት ያለኝ ሰው የለማ።

ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተመታ፣ ግቢያችን የላሜራ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ሆነ። አንድ ጠዋት መሸሻ ሜትሩን ይዞ ማድ ቤት ገባ።

«ብርቄ፣ እስቲ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ቁመቴን ለካ። ክርንሽን እጠፊ አለኝ፤ ከመሬት እስከ ክርኔ ለካ። እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ፣ እንዳትንጠራሪ አለኝ፤ እሱንም ለካ። ትከሻዬን ለካ። ዙሪ ብሎ ዳሌዬን ሲለካማ ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ልኬን የወሰደው በሰርግ ቀሚሴ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብወፍር ብከሳ ለማን ይታየዋል? እኔ ሞኟ የመቀመጫዬን ልክ የሚወስድ መሰለኝ። እንዲያውም «ሰፋ አርገው፣ እንዳታሳፍረኝ» ብዬ ቀለድኩበት። ለመቀመጫ ሰው ቆሞ እንደማይለካ እንዴት አልገባኝም? ደስታ ያጃጅላል መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ማድ ቤት ላጣጥለው ብል አፌ እሺ አይለኝም። ያማረ ነው። ከተሳቢው የኋላ ጥግ ላይ፣ ሰው ገብቶ ዞር በማይልባት ቦታ፣ የቤቴ ማድ ቤት አይቶት የማያውቀውን ነገር ሁሉ ከተተበት። ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ ገጠመ፤ ሲሊንደሩን አደጋ እንዳያመጣ በውጭ በኩል ለብቻው ሳጥን ሠራለት። ከትልቅ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ላቫንዲኖ አወጣ። ሥሩ ጄሪካን አለ፣ በእግር ሲረገጥ ውሃ የሚስብ ፓምፕ አለው፤ በእግር ያደረገው እጄ በሽንኩርት ሲያዝ እንዳልቸገር ነው አሉ። መክተፊያው ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። መሳቢያዎቹ መኪናው ሲንገጫገጭ እንዳይከፈቱ መቀርቀሪያ አላቸው። ለበርበሬው፣ ለሽሮው፣ ለጨው ጣሳ መደርደሪያውን በየልካቸው ክብ ክብ አድርጎ በሳላቸው። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ ቦታ አላቸው። ላዩን ፎርማይካ አልብሶት ሲጨርስ በመዳፉ ሲዳብሰው አየሁት፤ ልጆቻችን ሲወለዱ እንኳ እንዲያ አልዳበሳቸውም።

«ማን ሊሠራበት ነው ይሄ ሁሉ?» አልኩት።

«ይኑር እንጂ! ማድ ቤት የሌለው ቤት ምኑ ቤት ነው?» አለኝ።

እሱስ ልክ ነው ብዬ ተውኩት። የፊተኛውን ክፍል ግን በሸራ ጋርዶት «እሱን ሳልጨርስ አላሳይሽም» አለኝ። እኔ ደግሞ የሚደብቅልኝ የንግሥቷን ወንበር መሰለኝ።

ምረቃው እሁድ ሆነ። ተሳቢውን ከግቢ አውጥተው በራችን ላይ አቆሙት፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ከየጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። አቢ ከሚስቱ ከሲና ጋር መጣ። ሩታም አለች፤ ሩታ የመጨረሻ ልጄ ናት፣ ባንክ ትሠራለች፣ ገና ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ሙሽራ መስዬ ቀረብኩ። መሸሻ ሸራውን ገፈፈው።

መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ በዚህ ሁለት ወንበር፣ በዚያ ሁለት ወንበር፣ ሁሉም ስፖንጅ ያላቸው፣ ሰፊ መስኮት ከነመጋረጃው። አቢ ገብቶ ተቀመጠ። ሲና አጠገቡ ተቀመጠች። መሸሻ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፣ ሩታን ጎትቶ ከጎኑ አስቀመጣት። ሞላ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዙሪያውን አየሁ። መሸሻ ሁሉን ነገር የሚያጣጥፍ ሰው ስለሆነ፣ የኔንም አጥፎ የሆነ ቦታ ወትፎት ይሆናል አልኩ።

«የኔስ ከየት ነው የሚዘረጋው?»

«ምኑ?»

«ወንበሬ ነዋ!»

መሸሻ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! መች ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

አቢም ሳቀ፣ ሲናም ሳቀች። ሩታ አልሳቀችም፤ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው። መሸሻ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ማድ ቤቱን አሳየኝ። «ያንቺ ይኸውልሽ! እያንዳንዷ ነገር በልክሽ ናት። ሌላ ሰው ቢገባበት እንኳ አይመቸውም።»

ሰዎች «እገሌ እገሌን ልክ አስገባው» ሲሉ እሰማ ነበር። እኔን ባሌ በሜትር ለክቶ ልክ አስገባኝ።

ከዚያማ ምን ተረፈኝ? እኔም ልክ ልኩን ነገርኩት። «አንተ ሰው! ለጣሳ ቦታ ስታወጣ፣ ለድስት ክዳን ቦታ ስታወጣ እኔ ትዝ አላልኩህም? ለድስት የጾምና የፍስክ ብለህ ሁለት ቦታ አገኘህ፣ ለኔ አንድ አጣህ? ወጥ አልሠራም ስልህ የት ነበር ጆሮህ?»

«ላንቺ ብዬ አይደል እንዴ ይሄን ሁሉ የለፋሁት?» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ብየዳው ይሁን እኔ ልሁን አላውቅም። እንዳይመስላችሁ፣ አልዋሸም። ከልቡ ለኔ ነው የሠራው። ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ በርጩማ አመጣሁና ከተሳቢው አጠገብ፣ መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። «ዛሬም አልሠራም፣ ላንጋኖም አልሠራም። የራበው ይሥራ!» አልኩ።

ዘሀራ ከሱቋ ብቅ አለች። «ብርቄ! ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ፤ ቁጭ ብዬ ነው።»

አላመነችኝም፤ ውሃ ላምጣልሽ አለች። እኔ ግን እግሬን ዘረጋሁ። ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ሰው ሽቅብ ሲወጣ፣ ቁልቁል ሲወርድ አያለሁ፤ አንዱ ሰላም ይለኛል፣ አንዱ ምነው ይላል። እንዴት ጣፈጠኝ መሰላችሁ!

ትንሽ ቆይቶ ውስጥ ያሉት ራባቸው። ሲና ጨዋ ልጅ ናት፣ «እማዬ፣ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ልሥራ» ብላ ተነሳች። ገና ስትገባ ግንባሯ ከላይኛው ሳጥን ጋር ተላተመ። ረጅም ናት። ጎንበስ ስትል ደግሞ ጉልበቷ መሳቢያውን መታው። «ላንቺ አይሆንም፣ ተዪው» አላት መሸሻ። አቢን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ስልኩን እየነካካ ነበር።

«ሩታ» አለ መሸሻ፣ «እስቲ አንቺ ነይ ቁሚ።»

ሩታ ተነስታ ገባች። ክርኗ መክተፊያው ላይ አረፈ። እጇን ዘረጋች፣ ሳትንጠራራ የበርበሬው ጣሳ ጋ ደረሰች። በእግሯ ፓምፑን ረገጠች፣ ውሃው መጣ።

«እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ መሸሻ። «ቁርጥ እናቷ! ልክክ አለላት፣ አያችሁ? ብርቄ አኮረፈችም አላኮረፈችም ማድ ቤቴ ባለቤት አያጣም!»

እኔ በርጩማዬ ላይ የዘረጋሁትን እግሬን ሰበሰብኩ። ቁመቷ ቁመቴ መሆኑን መች አጣሁት? ቀሚሴን ትለብሳለች፣ ጫማዬን ታደርጋለች፣ ከኋላ ያያት ሰው «ብርቅነሽ» ብሎ ይጣራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ስኮራበት የኖርኩት ነገር ነው።

«ሩታ፣ ነይ ውረጂ» አልኳት።

«ተዪ እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ። ሽንኩርቱንና ቢላውን ይዛለች፣ ፈገግ ብላለች። «ምን ችግር አለው? እለምደዋለሁ።»

እለምደዋለሁ! ይቺን ቃል ዩኒቨርሲቲ አላስተማሯትም፣ ባንክ አላስተማሯትም። እኔን እያየች ነው የተማረችው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ገባሁና ቢላውን ከእጇ ነጠቅኳት። ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ጠረጴዛው ወሰድኳት። «አንተ፣ ተነስ ከመስኮቱ!» አልኩት መሸሻን። ደንግጦ ተነሳ። ሩታን እዚያ ወረወርኳት። ልትነሳ ስትል «ምንም አትለምጂም! ቁጭ በይ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ዘሀራ ሱቋ ሆና ሰማችኝ።

ከዚያ ተመልሼ ገባሁበት። ጾም ስለነበር ሽሮ ጣድኩ፣ ጎመን ከተፍኩ። እንዴት እንደተመቸኝ ልነግራችሁ አልችልም። ወገቤን አላመመኝም፣ እጄ የዘረጋበት ሁሉ የሚፈልገውን ያገኛል። በዕድሜዬ እንዲህ የተመቸኝ ነገር የለም። እያለቀስኩ ሠራሁ፤ እነሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ስለነበር አላዩኝም።

«አላልኳችሁም?» ሲል ሰማሁት መሸሻን። «ብርቄ እኮ ብትቆጣም ሆዷ አይችልም።»

ፋሲካ ሲያልፍ ላንጋኖ ልንሄድ ነው። ሩታ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ «እማዬ ሰው ፊት አዋረደችኝ» ብላ ለወንድሟ ነግራዋለች። ታኩርፍ። ማድ ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ፤ እሷ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፣ ወደደችም ጠላችም።