ትንፋሽ እስኪሰበስብ

ቃሊቲ ላይ እየነዳሁ ሳለ አንድ የጭነት መኪና ጎኔ ደርሶ የቱርቦውን ፉጨት ሲለቀው፣ በሐሳቤ የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ በአባዬ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ያን ቀን ብረት ጭነን ከአቃቂ እየወጣን ነበር። «አባዬ፣ ሳድግ መንዳት ታስተምረኛለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ሴት ስለሆንኩ መሰለኝና አኩርፌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ቢረግጥ መኪናው ፍንክች አልል አለ።

«ቆመብህ!» አልኩት ደንግጬ።

«አልቆመም፣ ሰምቶኛል። ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው። ደጋግሞ መርገጥ ጭስ እንጂ ጉልበት አያመጣም።»

አፍታም ሳይቆይ ፉጨቱ ከእግራችን ስር ተነሳ፤ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ዳገቱን ጨርሰን ሳሪስ አቦ ስንደርስ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «አስተምርሻለሁ» አለኝ።

ዛሬ የምነዳት አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናዬ እግሬ ገና ሲነካት ትፈተለካለች። አባዬ አርጅቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ሳሪስ ላይ «መኪናዬን ወደድካት?» ብዬው ዝም ብሎኝ ነበር። ጥያቄውን አልደገምኩም።

አቃቂ ድልድይ ስንደርስ «ወድጃታለሁ» አለኝ። «እንዳንቺ ችኩል ናት።»