እምቢታን የተማረው ፈረስ

ሊፍት ሲቆም ሰው በሩን ይደበድባል። መጀመሪያ ቁልፉን ይጫናል፣ ከዚያ ደጋግሞ ይጫናል፣ በመጨረሻ በቡጢ ይመታል። የሊፍት ጠጋኙ ይህን በየሳምንቱ ያያል፤ ከውጭ ቆሞ የሚናገረውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አይምቱት። የቆመው ምክንያት ስላለው ነው።»

ባልደረቦቹ በዚህ አባባሉ ያሾፉበታል። ሻይ ሲዘገይ «አይምቱት፣ ምክንያት አለው» ይላሉ፤ አለቃ ሲያረፍድም ይላሉ። እሱ ግን ከልቡ ነው። አንድ ጊዜ የሥራ ጓደኛው ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ ሲል የበሩን መቆጣጠሪያ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ፣ በሩ በደንብ ሳይዘጋ ሊፍቱ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ አገኘው። ማንም አልተጎዳም። ጠጋኙ ሽቦውን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሰውየውን ክረምቱን ሙሉ ከ«እንደምን አደርክ» በላይ አላናገረውም።

ፈረስ መጋለብ የጀመረው ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። ወገቡን አሞት ሐኪም እንቅስቃሴ አድርግ አለው፤ ሐኪሙ ያሰበው የእግር ጉዞ ነበር። የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነችው ሚስቱ ለእህቷ ስትነግራት፣ «ሌላው በዚህ ዕድሜው ቦርጭ ያወጣል፣ የኔው ፈረስ አወጣ» አለች።

ጋጣው ከከተማው ዳር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። የሚያስተዳድሩት በወጣትነታቸው የእሽቅድምድም ጋላቢ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ኮርቻ ላይ ከመኖር ብዛት እግራቸው ወደ ውጭ ጎብጦ በመሐሉ በርሜል ያሳልፋል። ጠጋኙን በተከራያቸው ሽማግሌ ፈረሶች ላይ ሲያለማምዱት ቆዩና አንድ ቀን ደወሉለት። ከእሽቅድምድም ሜዳ የተባረረ አንድ ወጣት ፈረስ መጥቷል፤ ሮጦ አይደርስም ተብሎ ነው፤ ባለቤቱ ጋጣውን ማስለቀቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ገና አራት ዓመቱ። ጠጋኙ ሲያየው ፈረሱም አየው፤ ነገሩ በዚያ አለቀ፣ ገዛው።

ከእሽቅድምድም የወጣ ፈረስ ሌሎች ፈረሶች የሚያውቁትን ገልብጦ ነው የሚያውቀው። ልጓም ሲሳብ ሌላው ይቆማል፤ እሱ አንገቱን አስረዝሞ ልጓሙን ይደገፍና ይፈጥናል፤ እንዲህ ነው ያስተማሩት። ሰው ሲወጣበት ቆሞ መጠበቅ አያውቅም። ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ መዞር አይሆንለትም። በመጀመሪያው ሳምንት ጠጋኙን ይዞት ሜዳውን ሲዞር ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ። «ሲበቃው ያወርድሃል» አሉት ባለፈ ቁጥር።

በወሩ ጋሼ ዋናውን ችግር ነገሩት። «ይህ ፈረስ ሁሉን እሺ ይላል።»

ሙገሳ መስሎት ፈገግ አለ። ጋሼ አልሳቁም። እሺ ባይ ፈረስ እግሩ ሲታመምም እሺ ይላል፤ በሦስት እግሩም ቢሆን ይሮጥልሃል አሉት። በዘመናቸው እንደዚህ ዓይነት ፈረሶች ላይ ተቀምጠው ዋንጫ ወስደዋል። ዋንጫዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ አያውቁም፤ ፈረሶቹ የት እንደደረሱ ግን ያውቃሉ። «መዝለል ኋላ ይደርሳል» አሉት። «መጀመሪያ እምቢ ማለት አስተምረው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈረሱ ስም አቶ እሺ ሆነ።

ሰማያዊ ሸራ መሬት ላይ አነጠፉ። መጀመሪያ ሲያመጡት ፈረሱ ዓይኑ ፈጦ፣ ቆዳው እየተንቀጠቀጠ ሸራውን ረግጦ አለፈ። ፈርቷል፤ ግን አልቆመም። ስለዚህ ጠጋኙ ራሱ ሸራው ጫፍ ላይ ያቆመዋል፣ ልጓሙን ይለቃል፣ ይጠብቃል። ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ካየ አንገቱን ይደባብሰዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ካለ ወርዶ ካሮት ይሰጠውና የዕለቱ ሥራ ያበቃል። የጋጣው ጠራጊ ይህን አይቶ፣ እንደዚህ ያለ ሥራ ካለ እሱም ይቀጠር ዘንድ ጠየቀ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ ዝናብ ባደረበት ጠዋት፣ ፈረሱ በሩ ላይ የተኛ ኩሬ ፊት በራሱ ቆመ። ጆሮውን አቀና፣ ውሃውን አሸተተ፣ ፊቱን አዞረ። ጠጋኙ ልጓሙን ለቀቀ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠጋኙ ኮርቻው ላይ እንዳለ ለሚስቱ ደወለና እምቢ አለ ሲል አበሰራት።

«እሰይ» አለችው። «ልጅህ በየቀኑ እምቢ ሲለኝ ግን ማንም ደውሎ እንኳን ደስ ያለሽ አይለኝም።»

ከዚያ ወዲህ ፈረሱ ጥቂት ጊዜ ቆሟል። አንድ ጊዜ ሰኮናው ውስጥ ድንጋይ ገብቶ ነበር። ሌላ ጊዜ የኮርቻው መጫኛ ተጣምሞ ቆዳውን እየላጠው ነበር። ጠጋኙ ሁልጊዜ ይወርዳል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል። ፈረሱ ያለምክንያት የቆመበት ጊዜ የለም።

መሰናክል መዝለሉ ከተጠበቀው በላይ ቀለለው። ለአማተሮች በተዘጋጀው ዝቅተኛ ምድብ ተመዘገቡ። በመጀመሪያው ውድድር ቀስ ብለው ጨረሱ፤ በሁለተኛው ሁለት እንጨት ጣሉ። ለሦስተኛው ሚስቱና ልጁ መጡ። ባልደረቦቹም የሥራውን መኪና ይዘው፣ መሰላሉን ጣሪያው ላይ እንደጫኑ መጡ። ጠጋኙ ወደ ሜዳው ሲገባ ከመቀመጫው አንዱ በሁለት እጁ አፉን ከቦ «አይምቱት፣ ምክንያት አለው» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። ጠጋኙም ሳቀ።

በደንብ ሄዱ። ካለፉት ጋላቢዎች ሁሉ እንደሚሻል ራሱ ተሰማው፤ ሦስት መሰናክል ቀርቶት ነበር። ከዚያ ካንዱ ዝላይ ሲያርፉ የፈረሱ አንድ እርምጃ አጠረች። ከኮርቻው በታች ያለች ትንሽ ጉድለት ናት፤ ሌላ ሰው አያውቃትም። እሱ አወቃት። መሬቱ ነው ብሎ ለራሱ ነገረ።

ከመጨረሻው በፊት ባለው መሰናክል ፊት ፈረሱ ቆመ። አልሸሸም፣ አልዘለለም። እንደ ኩሬው ቀን ጆሮውን አቅንቶ ቆመ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለመቆም ነጥብ ይቀነሳል፤ እንደገና መሞከር ይቻላል፤ ወይም ጋላቢው እጁን አንስቶ ይወጣል። ጠጋኙ ማድረግ የነበረበትን ከማንም በላይ ያውቃል። ልጓሙን መልቀቅ። መጠበቅ። መውረድ።

አለንጋውን አሳረፈበት።

ወዲያው ከአጥሩ በኩል የጋሼ ድምፅ መጣ፦ «በለው።» ፈረሱ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አዞረ፤ አልተቆጣም፣ አዳመጠ። ከዚያ ከቆመበት ተነስቶ ዘለለ። የመጨረሻውንም ዘለለ። ደወሉ ሲደወልና ጠጋኙ ፍጥነቱን ሲያቀዘቅዝ፣ ፈረሱ የፊት ግራ እግሩን መሬት ማስነካት አቅቶት ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ጅማቱን ዳሰሰች፣ በኋላም በአልትራሳውንድ አየችው። ቀድሞ ተወጥሮ ነበር፤ ኋላ በተዘለሉት ላይ ተቀደደ። «ከዚያ በፊት ምንም ምልክት አላሳየም?» ብላ ጠየቀች። ጠጋኙ አላሳየም አለ። በነጥብ ሦስተኛ ወጥተው ነበርና ሪባን ሰጡት። ሚስቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ምስማር መትታ ሰቀለችው።

በማግስቱ ጋሼ ጋጣው በር ላይ ጠበቁት። ሌሊቱን እንዳልተኙ ፊታቸው ያስታውቃል። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። «በለው ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት በአፌ የኖረ ቃል ነው፣ አመለጠኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ጠጋኙ አፉን ከፈተ። ከዚያ «ይተዉት ጋሼ» አለ።

ይቅርታ መሰለ። ጋሼ እንደ ይቅርታ ተቀብለው ትከሻውን ነኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አጥሩ ጋ መቆም ተዉ። ሌሎች ተማሪዎቻቸውንም ለረዳታቸው ሰጡ። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው ከጠራጊው ጋር ይጠርጋሉ፤ ጠራጊው ግራ ተጋባ። ሰው ምክር ሲጠይቃቸው፣ ከኔ ምን ትማራላችሁ፣ አፌን መያዝ ያቃተኝ ሰው ነኝ ይላሉ። ጠጋኙ ይህን ሁሉ ይሰማል። ከሥራ እየወጣ በቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ የፈረሱ እግር ላይ ያፈሳል፣ ፋሻ ይቀይራል፣ ፈረሱን በእጁ እየሳበ ያንሸራሽራል። ሰዎች ለፈረስ እንዲህ የሚለፋ አላየንም ይላሉ። መልካም ሰው ነው ይላሉ። ይህንንም ይሰማል።

ክረምት አለፈ፣ በጋም እየተጋመሰ መጣ። ሐኪሟ እግሩን ደግማ አይታ ጅማቱ እንደያዘ፣ ቀስ በቀስ እስከ ዝላይ ሊመለስ እንደሚችል ተናገረች። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። መጥረጊያውን አስቀምጠው ወደ ጠጋኙ ሄዱና በበጋው ማብቂያ ላለው ውድድር እሱንና ፈረሱን ሊያስመዘግቡ እንደሆነ ነገሩት። ቢያንስ ያበላሸሁትን አቅንቼ ልሙት አሉ።

በዚያው ቀን ጠጋኙ ሰማያዊውን ሸራ ከመጋዘን አውጥቶ አነጠፈ። ፈረሱ ላይ ወጥቶ በእርጋታ ወደ ሸራው ወሰደው። ድሮ እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ያሸታል፣ አስቦ ያልፋል። አሁን ወደ ታች እንኳ ሳያይ ረግጦት አለፈ። ጠጋኙ መልሶ አመጣው። አለፈ። ቱቦው በሩ ላይ ወዳፈሰሰው ኩሬ ወሰደው፤ ውሃውን እየረጨ አለፈ። ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ግን አይቆምም።

ጋሼ ከሩቅ አይተው ነበር። «ጀግና ሆኗል እኮ» አሉ እየቀረቡ።

ጠጋኙ ከፈረሱ ወረደ። «አላስመዘግበውም፣ ጋሼ።»

«ምነው? እያነከሰ ነው?»

«አይደለም። የኔ እጅ ነው የቀደመው።»

ጋሼ አልገባቸውም።

«ያን ቀን። እርስዎ በለው ከማለትዎ በፊት መትቼው ነበር። ድምፅዎን የሰማሁት አለንጋው ካረፈ በኋላ ነው። ከዚያም በፊት እርምጃው ሲያጥር አውቄያለሁ።»

ሽማግሌው የተደፋ ባልዲ ፈልገው ተቀመጡ። ፈረሱ አፍንጫውን ባርኔጣቸው ላይ አሳረፈ፤ አላባረሩትም።

«ሐኪሟን ምን አልካት?»

«ምልክት አላሳየም አልኳት።»

«እኔን ደግሞ ይተዉት አልከኝ።» ጎንበስ ብለው እጃቸውን አዩ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል። አንተ ግን ገርፈህ እኔን አስጮኽከኝ።»

ጠጋኙ ይቅርታ ሊል ጀመረ። ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ፈረሱን አስገብተህ ሂድ አሉት።

ማታውን ሪባኑን ከግድግዳው አወረደ። ሚስቱ ምን በደለህ አለችው፤ ነገራት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ባልደረቦቹ ሲገባ የጮኹትን ሰምቶ እንደሆነ። ሰምቼ ስቄያለሁ አላት። ምስማሩን ማንም አልነቀለውም። ጠዋት ለሐኪሟ ደወለና ምልክት አሳይቶ ነበር አላት። እሷም ቀድሞ ማወቅ እንደነበረባት ተናገረች፤ ሕክምናውን በዚያ ልክ ታደርገው ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ሊፍት ቆመ። ውስጥ ያለው ሰውዬ በሩን በሁለት እጁ ይደበድባል። ከጠጋኙ ጋር የመጣው ባልደረባ የተለመደውን ቃል ሲጠብቅ ቀና ብሎ አየው። ጠጋኙ የመሣሪያ ሣጥኑን አንስቶ በደረጃው ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣ። ባልደረባው ትንሽ ቆይቶ፣ በራሱ ድምፅ፣ «አይምቱት» አለ።

ጋሼ ለብዙ ቀን ሰላም አላሉትም። ጠጋኙ ይመጣል፣ ፈረሱን ያጸዳል፣ ያንሸራሽራል፣ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ሸራው ሜዳው መሐል ተነጥፎ፣ ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፈው አገኛቸው። ፊታቸው አልተፈታም።

«ውድድር የለም» አሉ።

«የለም።»

«እምቢታው ዕድሜውን ሙሉም ላይመለስለት ይችላል። አንዴ ተናግሮ ተመትቷል።»

«አውቃለሁ።»

«አምጣው።»

ጠጋኙ ፈረሱን ወደ ሸራው መራው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ልጓሙን ፈጽሞ ለቀቀ። ፈረሱ ቆዳው እየተንቀጠቀጠ፣ ወደ ታች ሳያይ፣ ረግጦት አለፈ።

«እንደገና» አሉ ጋሼ።