የአባቴ የታች ጥርስ

አርብ ማለዳ ከላስቬጋስ ተነስቼ ወደ ሎስ አንጀለስ ጉዞ ጀመርኩ። የምሄደው አባቴን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ለዚህ ብለሽ ነው በረሃ የምታቋርጪው?» አሉኝ። እኔ ግን የናፈቀኝን የአባቴን ወሬ ፍለጋ ነበር የምሄደው።

አባቴ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ስልክ ካነሳ የጎረቤቱን ውሻ አመል ሳይቀር አውርቶ ካልጨረሰ አይዘጋም። የታች ጥርሶቹ አልቀው ሰው ሠራሽ ከተተካለት ወዲህ ግን ዝም አለ። የላዩም ሰው ሠራሽ ነው፤ እሱ ግን ላንቃው ላይ ተጣብቆ ይቀመጥለታል፤ የታቹን ባወራ ቁጥር ምላሱ ያነሳበታል። በእናቴ ለቅሶ ላይ ስለ እሷ ሊናገር ተነስቶ ጥርሱ ከአፉ ወጣ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

መንገድ ላይ ባርስቶው ከተማ ነዳጅ ሞላሁ፤ ከቬጋስ ይልቅ ይወደዳል። በርገሬን መኪና ውስጥ በላሁና ቀጠልኩ። ከተራራው ስወርድ ከባድ መኪናዎች ቀኙን መስመር ይዘው ያዘግማሉ። ሜዳው ላይ ስደርስ ትራፊኩ ዋጠኝ።

የአባቴ ሰፈር ባልድዊን ሂልስ ስደርስ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለኝ፣ እጁ አፉ ላይ ነው።

ግሌንዴል፣ ከሰዓት በኋላ

ሐኪሟ ከወራት በፊት የታች መንጋጋው ላይ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ተክላለት ነበር። አጥንቱ እስኪይዛቸው ተጠብቆ ዛሬ ጥርሱ እነሱ ላይ ሊቆለፍ ነው። ከጥርሱ ሥር መያዣ አበጀችለትና አፉ ውስጥ አስገብታ ጫን አለችው። ጠቅ አለ።

«ከስልሳ ጀምረህ ቁጠር» አለችው በእንግሊዝኛ። «‹ስ› ይበዛበታል፤ ጥርሱ ከተንቀሳቀሰ ያስታውቃል።»

«በአማርኛ ይብሳል» ብሎ ሳቀና በአማርኛ ቆጠረ። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት... ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ስልሳ ስድስት። ስልሳ ሰባት። ቆመ።

«አመመህ?» አለች ሐኪሟ ደንግጣ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እናትሽ እዚህ ላይ ነው የቆመችው» አለኝ።

ጥርሱ እንዳላመመው ለሐኪሟ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሌላውን፣ እናቴ ያረፈችበትን ዕድሜ፣ ማስረዳት አልቻልኩም።

ፌርፋክስ

«እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ» አለኝ አባቴ አንድ ምግብ ቤት ፊት ለፊት። ጥብስ አምሮት ነበር፤ ሐኪሟ «ለጥቂት ቀን ለስላሳ ምግብ ብላ» ስላለችው በሽሮ ተስማማን።

«ጋሼ፣ የት ጠፍተው ነው?» አለችው አስተናጋጇ።

«ሪፔር ላይ ነበርኩ» አላት። ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ እጁን ወደ አፉ አልወሰደም።

ምግቡ እስኪመጣ «አባዬ፣ ለቅሶው ላይ ምን ልትል ነበር?» አልኩት።

ጨው ማስቀመጫውን ትንሽ አሽከረከረው። «እናትሽ ስትስቅ ታሳፍረኝ ነበር። ባስ ውስጥ፣ ባንክ ቤት፣ የትም ቦታ ከት ብላ ነው። ‹ኧረ ቀስ!› እላታለሁ፤ ይብስባታል። ሶ፣ ሰዉ ፊት ልል የነበረው... አሁን የፈለገችውን ያህል ብትስቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይኼን ነው።»

ሽሮው መጥቶ በረደ። እሱ ያወራል፤ እኔ እየሰማሁ አለቅሳለሁ።

መልስ

እሁድ ቬጋስ ገባሁ። የአባቴን ድምፅ ብሰማ ናፍቆቴ ይወጣልኛል ብዬ ሄጄ፣ ይባስ ብሎ እናቴን ናፍቄ ተመለስኩ። እራት ላይ ለባለቤቴ ስለ እሷ ማውራት ጀመርኩ፤ እንዴት እንደምትቆጣ፣ ራሷ በቀለደችው ቀልድ እንዴት እንደምትስቅ። ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ስታወሪ ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የአባቴን ዝምታ በጥርሱ አመካኝቼ ነበር። የእኔ ጥርስ ግን አንድም አልጎደለም።

«ቀጥይ» አለኝ።