የካድሬውን ዓሣ ያከምኩ ጊዜ

ደባርቅ ክሊኒክ ድሬሰር ሳለሁ፣ በደርጉ ዘመን፣ የካድሬው ጠባቂ ክላሹን እንዳነገተ መጥቶ «መድኃኒትሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ዳባት ከታሰረ ሁለት ወሩ ነበር፤ ፋይሉም ያለው እዚሁ ካድሬ እጅ ነው። እኔንም ሊደርበኝ ነው ብዬ መድኃኒቴን ይዤ ተከተልኩት።

ካድሬው ሳሎን ስገባ በሽተኛው ዓሣ ሆኖ አገኘሁት። ከአዲስ አበባ በጀሪካን ያመጣው አንድ ቀይ ዓሣ፣ ሰፊ የመስታወት ሳጥን ውስጥ። ለጌጥ ብሎ ከተራራው፣ ከሳንቃ በር፣ ያስመጣውን ስለታም ድንጋይ ከሥሩ አስቀምጦለታል። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ዓሣው ይደነብርና ከድንጋዩ ጋር ይላተማል፤ ተኩስ ደግሞ ያን ሰሞን አይታጣም። ጎኑ ተልጧል፣ ጅራቱ ተተልትሏል፣ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር በቅሏል።

«ጎንደር ለስብሰባ እሄዳለሁ። ስመለስ ሞቶ እንዳላገኘው» አለኝ ካድሬው።

«እኔኮ የሰው ድሬሰር ነኝ፣ ጓድ።»

«ቁስል ቁስል ነው» ብሎ ወጣ።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ በራ። እኛ አገር ትልቅ ሰው እንዲሁ አይለመንም፤ አስቀድሞ ውለታ ይዋልለታል፣ ከዚያ እግሩ ላይ ይወደቃል፣ ያኔ እምቢ ማለት ነውር ነው። እናቴ በዚህ አምና ያረጀች ሰው ናት። «ስለ ወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። አንቺ ዓሣውን አድኚለት፣ ልመናውን ለኔ ተይው» አለችኝ። አይ የኔ ነገር፣ እኔም አመንኳት።

ድንጋዩን አወጣሁ። ዓሣውን ለብቻው ሳፋ ውስጥ አድርጌ፣ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ ጨው እየበጠበጥኩ በየቀኑ ቀየርኩለት። በእርጥብ ጨርቅ ይዤ ቁስሉን በቀስታ ጠርጌ ጂቪ የምንለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት እቀባዋለሁ፤ እጄ ላይ አፉን ሲከፍትና ሲከድን የኔም ትንፋሽ ይቆማል። ለክሊኒኩ የቀረችውን አንዲት ጠርሙስ ጂቪ ለእሱ መጨረሴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ማን ሊያፍር።

በመሃሉ እናቴ ለወንድሜ ስንቅ ይዛ ዳባት ብትወርድ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው መለሷት። እንዲህ የተባለ ቤት ብዙውን ጊዜ ለቅሶ ይቀመጣል። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ እኔም ደፍሬ አላነሳሁባትም። በየማለዳው «በላ?» ብላ ስለ ዓሣው ትጠይቀኛለች፤ በላ ስላት ታማትባለች።

በአሥረኛው ቀን ካድሬው ሲመለስ ዓሣው ሳጥኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ተከትላኝ የመጣችው እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ «ጌታዬ፣ ልጄን ይማሩልኝ» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ወደ ታች እንኳ አላያትም። መስታወቱን ነበር የሚያይ።

«እንዳይሞት ማድረግ ትችያለሽ ማለት ነው» አለኝ። «በይ መድኃኒትሽን ያዢ። ዳባት አንድ ቁስለኛ አለ። እስከ ዓርብ ቆሞ መናገር አለበት።»

ቁስለኛው ወንድሜ ነበር። በሕይወት አገኘሁት ብዬ የተደሰትኩት አንዲት ደቂቃ አይሞላም። የውስጥ እግሩ ሥጋው ወጥቷል፣ ገላው እሳት ነው። ማጠብ ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ አታድኚኝ» አለኝ። «ከዳንኩ እንደገና ይጀምሩኛል።»

ተው እያልኩት አጠብኩት። ጠቀለልኩለት፣ መርፌ ወጋሁት፣ ሾርባ በማንኪያ አጎረስኩት። እጄ ሌላ ነገር አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፣ ዓርብ ጠዋት መርማሪዎቹ ስሙን ሲጠሩት በገዛ እግሩ ቆሞ ወጣ።