የዊንቹ መመለሻ ኬብል

ባለፈው ወር ተበላ ወደምትባለው ከተማ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማ ተነፈሰበት። እስኪቀየር እግሬን ላፍታታ ብዬ ዞር ዞር ስል፣ አንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ግራር ሥር፣ የጀልባ ተጎታች አየሁ። ጎማዎቹ ተፈተው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጀልባው የለም፤ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። ከፊቱ ግን የብረት ገመድ የተጠመጠመበት ዊንች አለ። ዝገት ቢበላውም ወዲያው አወቅሁት። ኤሌትሪኩን የዘረጋሁለት እኔ ነኝ። የዘረጋሁትም እናቴ በሞተች ቀን ነው፤ መሞቷን ከእኔ በቀር ጋራዡ ሁሉ ሲያውቅ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ሞባይል የሚባል ነገር ሶዶ ሳይደርስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከትውልድ ቀዬዬ ከቤሌ ሶዶ መጥቼ በጋሽ አንጁሎ ጋራዥ የመኪና ኤሌትሪክ እሠራለሁ። ጋሽ አንጁሎ ምስጋና ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። ጥፋት ካየ ደግሞ ነገር አያበዛም፣ ፒንሳውን ከእጅህ ይነጥቅሃል። “ኤሌትሪክ ደርሶ መልስ ነው” ይል ነበር፤ “መሄጃውን ሠርተህ መመለሻውን ከረሳህ መንገድ ላይ ቀረ በለው።” የኬብል መገጣጠሚያ ላይ ናስትሮ ከጠቀለለ በኋላ እንዳይላቀቅ ጫፉን በሲባጎ ያስራል። ከእሱ በቀር እንዲህ የሚያደርግ ስላልነበረ እኛ ወጣቶቹ በሲባጎው እንስቅ ነበር።

ለአባያ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የቆመ አንድ ፕሮጀክት ፒክአፕ፣ ጀልባና ተጎታች አምጥቶ፣ ጀልባውን ከውሃ እየሳበ የሚያወጣ በባትሪ የሚሠራ ዊንች ከነካርቶኑ ሰጠን። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። ከጋራዡ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጋሽ አንጁሎ “አንተ ሥራው” አለኝ። ብቻዬን የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። እናቴ በዚያው ሰሞን ታማ፣ ሐሙስ በቀትሩ አውቶቡስ እመጣለሁ ብዬ መልእክት ልኬባት ነበር። ሐሙስ ጠዋት አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዝቼ ጋራዡ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልኩና ተጎታቹ ሥር ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ አጠገባችን ካለው ሱቅ ጋሽ አንጁሎን ለስልክ ጠሩት። ሲመለስ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። የደወለው አጎቴ እንደነበር፣ “ማታ እንደርሳለን፤ እስክንመጣ ያዙት፣ ብቻውን እንዳይሄድ” ማለቱን የሰማሁት በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ያለ ዘመድ አይነገርም። ሰው ብቻውን ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በደጁ ድንኳን አይቶ ክው እንዳይል ነው። ስለዚህ ያዙኝ። የያዙኝም በሥራ ነው።

ሰኔ ነበር። የዳሞታ ተራራ ጉም ግቢያችን ድረስ ወርዷል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ዊንች ብዙ ኃይል ስለሚጠጣ ኬብሉ አውራ ጣት ማከል አለበት። ባትሪው ከፒክአፑ ሞተር ጋር ከፊት፣ ዊንቹ ከኋላ ተጎታቹ ላይ፤ ያለን ወፍራም ኬብል ደግሞ ለመሄጃው ብቻ የሚበቃ። መኪናውም ተጎታቹም ብረት ናቸው፣ መንጠቆው ላይ ይገናኛሉ፣ መመለሻው በብረቱ ይሁን ብዬ ተውኩት። ስንፍና ነበር። መንጠቆ ቅባትና ዝገት ነው፤ ዊንቹ ባዶውን ይዞራል፣ ጀልባ ሲከብደው ግን ግሎ ይቆማል። ይህን ማወቅ አላቃተኝም፤ ቸኩዬ ነበር።

“ጋሼ፣ ለቀትሩ አውቶቡስ እደርሳለሁ አይደል?”

“ትደርሳለህ። መጀመሪያ ፊውዙን።”

ፊውዙን ጨረስኩ። “አሁንስ?”

“የተጎታቹን የኋላ መብራት እስቲ እየው።”

መብራቱ ደህና ነበር። ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። አውቶቡሱ አመለጠኝ። “በቃ ነገ ትሄዳለህ” አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ።

ባለቤቱ እትዬ አስቴር ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር ቀቅላ፣ በቅቤና በሚያቃጥል ዳጣ ይዛልን መጣች። የእኔ ሳህን ላይ ቅቤው በዛ ይላል። “ብላ የኔ ልጅ፣ ብላ” ትለኛለች፤ ዓይኗ ግን የተሰቀለው ብርቱካን ላይ ነው። ቀልደኛው በያጃችን እንኳ ያን ቀን አልነካካኝም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራው አስከበረኝ ብዬ።

ወደ አመሻሹ ማብሪያውን ስጫን ዊንቹ ጮኸና ባዶ ገመዱን ጠቀለለ። ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን አየ፤ ትክ ብሎ አየው። ፒንሳዬን ሊነጥቀኝ ነው ስል ቀና አለና “ጥሩ ነው” አለኝ። ከዚያ በፊት ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላለኝም።

በማግስቱ፣ እንደ መርዶ ወግ ሊነጋጋ ሲል፣ ማታውን ደርሰው ያደሩት አጎቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የተከራየሁትን ክፍል አንኳኩ። ጋሽ አንጁሎ ከኋላቸው ቆሟል። አጎቴ በወላይትኛ፣ አጭር አድርጎ ነገረኝ። ምንም አልተሰማኝም። ጫማዬን አሰርኩና “ብርቱካኑ ጋራዥ ነው” አልኩ። ጋሽ አንጁሎ ሄዶ አመጣልኝ። ቤሌ ቀብሩ እኔን ጠብቆ ነበር። ሰው ያለቅሳል፣ መዘምራን ይዘምራሉ፤ እኔ የማስበው ፊውዙን ነው። አንጀተ ደረቅ አሉኝ። አልዋሹም። ብርቱካኑን የጎረቤት ልጆች በሉት።

ከሳምንት በኋላ ስመለስ ጀልባው ወደ ሐይቁ ሄዷል።

“ዊንቹ ሳበ?” አልኩት።

“ሳበ” አለኝ ጋሽ አንጁሎ፣ ሌላ መኪና ውስጥ እንደተደፋ።

እናቴ ሞታ ቅቤ ስላበሉኝ ለዓመታት ቂም ይዤባቸው ኖርኩ። ከዚያ ቀን የወደድኩት ያችን “ጥሩ ነው” ብቻ ነው። የራሴን ጋራዥ ስከፍትም፣ ሥራ ሲጠምምብኝም፣ ያን ቀን እንኳ እጄ አልሳተም እያልኩ ተጽናናሁባት።

ባለፈው ወር፣ ግራሩ ሥር፣ ዶሮዎቹን አባርሬ ተንበረከክሁ። ከዊንቹ ሁለት ወፍራም ኬብል ይወጣል። እኔ የዘረጋሁት አንድ ነበር። ሁለተኛው በተጎታቹ ሆድ ሥር አልፎ እስከ መንጠቆው ይደርሳል፤ ናስትሮው ተላልጧል፣ ጫፉ በሲባጎ ታስሯል። እኔ ቤሌ ደርቄ ቆሜ ሳለሁ ጋሽ አንጁሎ ጭቃው ላይ ተኝቶ መመለሻውን ሠርቶልኛል። እሱም ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ እዚያም አላለቀስኩም። መርዶዬን አንድ ቀን ደበቀኝ፤ ስህተቴን ግን ዕድሜውን ሙሉ። ላመስግነው ወይስ ልቆጣው፣ አሁንም አላውቅም።

የሚኒባሱ ረዳት “ጋሼ፣ ጎማው ተቀይሯል፣ እንሂድ” ብሎ ጠራኝ። ከመነሳቴ በፊት ሲባጎውን በጣቴ ሳብ አደረግሁት። አልተላቀቀም።